የጋሽ አገባብ አንዲት ስህተት

በየመሥሪያ ቤቱ ማንም ያልሾመው አንድ ባለሥልጣን አለ፤ የእንግሊዝኛ ባለሥልጣን። በሩ ላይ የተለጠፈ ማዕረግ የለውም፣ ማኅተምም አልተሰጠውም። ነገር ግን ከአፍዎ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አምልጣ ከወጣች፣ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ አጠገብዎ ቆሞ ያገኙታል። ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ መነጽሩን ያስተካክላል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሥራዎ የሚመለሱት እሱ ሲፈቅድ ነው። «እኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም» የሚል አንባቢ ካለ፣ ይቅርታ ያድርግልኝና፣ ሰውየው ራሱ ነው።

የእኛው ክቡር ጋሽ አገባብ ይባሉ ነበር። እኔ አሥራ አንድ ዓመት በታይፒስትነት በሠራሁበት ማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ። ከማሽን የሚወጣ ማንኛውም ጽሑፍ፣ የመጽሐፍም ይሁን የጥሪ ካርድ፣ በእሳቸው ቀይ እስክሪብቶ ሥር ሳያልፍ አይታተምም። ስሙን ያወጣንላቸው ከማይጠፋው ንግግራቸው ነው። የትኛውንም የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉም ቢጠይቋቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «እንደ አገባቡ ነው!» ይላሉ። ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው ነው የሚሉት፣ ቃሉ እዚያ ላይ የተጻፈ ይመስል። አገባብን እንዲህ አበጥረው የሚያውቁት ሰውዬ ማግባትን ግን ሞክረውትም አያውቁ፤ ይህን ቀልድ የማሽን ክፍል ሰዎች በሳምንት ሁለቴ ካላወሩት ሥራው የሚሄድላቸው አይመስላቸውም።

አንድ ቀን የመጋዘኑ ሠራተኛ ስልኩን ይዞ እየተቻኮለ ገባ። «ጋሼ፣ ቻርጅ ጨርሼ ነው፤ ሚስቴ አሁን ትደውላለች፤ ሶኬቱን ለአምስት ደቂቃ ብቻ» አለ። ጋሽ አገባብ እጃቸውን ሶኬቱ ላይ ጫኑ።

«የትኛውን ቻርጅ ነው የጨረስከው?»

«እ?»

«ፍርድ ቤት ብትከሰስ ቻርጅ ነው። ኮርማ ቀንዱን አሹሎ ቢመጣብህ ቻርጅ ነው። ኃላፊነት ብትረከብም ቻርጅ ነው።»

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት፣ የስልክ ነው!»

«የስልክ መሆኑንማ ዓይን አለኝ፣ አያለሁ። እኔ የምልህ፣ ቃሉ ብቻውን ምንም አይደለም። እንደ አገባቡ ነው!»

አራተኛው ትርጉም ላይ ሲደርሱ ስልኩ ጭጭ አለ። ሰውየው ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ምን ብላ እንደተቀበለችው አልነገረንም፤ በማግስቱ ግን ቻርጅ የሚለውን ቃል ትቶ «መብራት ጨርሷል» ማለት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ያለ ችግር ይሞላል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁለት ፍቅረኛሞች የቃል ኪዳን ቀለበት ሊያስሩ ነበርና የጥሪ ካርድ ሊያሳትሙ መጡ። ካርዱ ላይ በትልቁ ወርቃማ ፊደል «ኢንጌጅድ»፣ ታጭተናል ለማለት፣ እንዲጻፍላቸው ፈለጉ። ጋሽ አገባብ ናሙናውን ተቀብለው አዩትና፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው፣ «ልጆቼ፣ ይሄ ቃል የት የት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ?» አሉ። አያውቁም። «የሽንት ቤት በር ላይ ነው። ሰው አለበት፣ አትግቡ ለማለት።» ሙሽሪት ፊቷ ተለዋወጠ። ሙሽራው ሊያባብላት ሞከረ። ጋሽ አገባብም ነገሩ የከረረ ሲመስላቸው ሊያስተካክሉት ብለው «አይዞሽ፣ ስልክም ሲያዝ እንደዚሁ ይባላል» አሏት። ልጅቱ አለቀሰች። ካርዱ በመጨረሻ በአማርኛ ታተመ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ በጣም አማረ።

ሕመምተኛ እንኳን ከእሳቸው አያመልጥም። የቀለም ቀላቃያችን ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ተኝቶ ሳለ ልንጠይቀው ሄደን፣ ነርሷ «ፔሸንቱን አታድክሙት» ብትል፣ ቃሉ ታጋሽም ማለት እንደሆነ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ማስረዳት ያዙ። ቀለም ቀላቃዩ ስፌቱን በሁለት እጁ ደግፎ፣ «ጋሼ፣ ሁለተኛውን ትርጉም ጨርሻለሁ፣ ውጡልኝ» ብሎ ሲለምናቸው ሰምቻለሁ።

ይህን ሁሉ ስናማ አንድ ነገር ግን ማንም አይክደውም። ጋሽ አገባብ ሥራቸውን ያውቃሉ። «ከዚህ በር አንድም የእንግሊዝኛ ስህተት ወጥቶ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት!» ይላሉ፤ ሲሉም ደረታቸው ይነፋል፣ አንገታቸው ይረዝማል። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ያላቸው ይህ ነበር። ሰው ልጁን በሚያቆላምጥበት ቃና ነበር ያንን ሠላሳ ዓመት የሚያነሱት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ማተሚያ ቤቱ ለአዲስ ባለቤቶች ተሸጠና አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ወጣት ነው፣ ሽክ ያለ ነው፣ ሁለት ነገሮችን ደግሞ ይወዳል፤ ሰዓትንና እንግሊዝኛን። ሰዓቱን መግቢያው ላይ ሰቀለው። እንግሊዝኛውን በተመለከተ፣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚላክ ደብዳቤ ሁሉ ለዘመናዊነት ሲባል በእንግሊዝኛ እንዲሆን አዘዘ። የራሱ እንግሊዝኛ ሰላምታ ላይ ያምራል፤ ከሰላምታው በኋላ ግን እጅ ያጥረዋል። ስለዚህ እሱ በአማርኛ ይናገራል፣ ጋሽ አገባብ በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፣ እኔ ታይፕ አደርጋለሁ፣ እሱ ሳያነብ ይፈርማል። የእኔ ነገር ፊደል መምታት ነው፤ ትርጉሙ ውስጥ አልገባም።

የዚያ የተሰቀለ ሰዓት የመጀመሪያ ተጠቂ የሆነችው እትዬ ጠራዥ ናት። የጥረዛ ክፍል ኃላፊ ነበረች። አሥራ ሰባት ዓመት መጽሐፍ ሰፍታለች፤ እሷ የጠረዘችው መጽሐፍ ግድግዳ ላይ ቢወረወር ግድግዳው ይላጥ እንደሆነ እንጂ ገጹ አይፈታም። ችግሯ አንድ ነው። እናቷ መርሳት ጀምረዋል፤ ብቻቸውን ከተተዉ ምድጃ ለኩሰው ይወጣሉ። እህቷ ደግሞ በአንድ ክሊኒክ የአዳር ተረኛ ናትና፣ እሷ እስክትመለስ እትዬ ከቤት መውጣት አትችልም። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ታረፍዳለች። ሃያ ደቂቃዋን ደግሞ በምሳ ሰዓት መርፌዋን ሳትጥል ትከፍላለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ የተሰቀለው ሰዓት ግን አያውቅም።

ሥራ አስኪያጁ አንድ ጠዋት በር ላይ ጠበቃት። «ሌት ነሽ!» አላት።

እትዬ ግራ ገብቷት ወደ መስኮቱ ዞር አለች። «ምን ሌት አለ ጌታዬ? ፀሐዩ እኮ አናት ሊበሳ ነው!»

የማሽን ክፍል ሰዎች ሳቃቸውን ሊውጡ ሲታገሉ ጋሽ አገባብ ከየት መጡ ሳይባል ከተፍ አሉ። «ቃሉን ልጅቷ በእኛ ቋንቋ ሰምታው ነው። በእንግሊዝኛው ግን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ማርፈድ ነው። ሁለተኛው ግን ቃሉ ከሰውየው በፊት ሲገባ—»

«ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ!» ብሎ አቋረጣቸው። የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ሰጣት። በሁለተኛው ሳምንት ሁለተኛውን ሰጣት። ሦስተኛው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል፤ እዚያ ከደረሰ ደግሞ ስንብት ነው። እትዬ ከሥራ ከወጣች የዚያን ቤት ጓዳ የሚሞላ ሌላ ሰው አልነበረም። እህቷ የምታገኘው ለእናትየው መድኃኒት እንኳን አይበቃም።

ሦስተኛው ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ተናገረ፤ ሠራተኛዋ በተደጋጋሚ አርፍዳለች፣ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቀናታል፣ አልሰማችም፣ ውሳኔያችሁን እንጠብቃለን። ጋሽ አገባብ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ጠረጴዛቸው ላይ ለወትሮው አምስት ደቂቃ የማይፈጅባቸውን ደብዳቤ ግማሽ ቀን ጻፉት። ያመጡልኝን መታሁ። ተፈረመ፣ ታሸገ፣ ሄደ። እትዬ ጠራዥ ያን ዕለት ዓይኗ ቀልቶ ዋለ፤ መርፌዋ ግን አልቆመም።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ጥቁር መኪና በራችን ላይ ቆመች። ከውስጧ የዋናው መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ኃላፊ ጥቁር ከረባት አስረው ወረዱ። ከኋላቸው አንድ ቆብ ያጠለቀ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ተከተለ። ከሁለቱ በኋላ አንድ የመኪና ጎማ የሚያህል የአበባ ጉንጉን መጣ።

ሥራ አስኪያጁ ደነገጠ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ትልቅ ሰው መሞቱ ገባው፤ ማን እንደሆነ ግን አያውቅም፣ አለማወቁን ደግሞ ማሳወቅ አልፈለገም። «ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው» ሲሉት፣ «የእኛም የእናንተ ነው» አለ። ሁላችንንም ማሽን አስቁሞ ወደ አዳራሹ ሰበሰበን። ተቆጣጣሪው በዚህ መሐል ወረቀት መቁረጫውን ማሽን ዞሮ ዞሮ ያየዋል፣ ምላጩን ይለካል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ኃላፊው ስለ ታታሪነት፣ ስለ ትሕትና፣ ስለ ረጅም ዘመን አገልግሎት እንባቸውን እየጠረጉ ተናገሩ። «ለተለየችን ባልደረባችን» አሉና አንድ ደቂቃ በጸጥታ እንድንቆም ጠየቁ። ቆምን። እርስ በርስ በዓይን እየተጠያየቅን ቆምን።

በዚህ ጸጥታ መካከል በሩ ሲጥ አለ። እትዬ ጠራዥ ሃያ ደቂቃ አርፍዳ ገባች። ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ብታገኘው ጊዜ ቦርሳዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ ነጠላ ጫማዋ እንዳይሰማ በእግር ጣቷ እየተራመደች መጥታ ከጎኔ ቆመች፣ እሷም አቀረቀረች። ሆደ ባሻ ናትና እንባዋ ወዲያው ዱብ ዱብ አለ።

«ማናት የሞተችው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እኔ እንጃ፣ እትዬ።»

«ልጆች ነበሯት ይሆን?»

ደቂቃው አለቀ። እትዬ አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ ጉንጉኑ ተጠጋች። የእጅ ሥራ ሁሉ ዓይኗን ይስባልና፣ የሪባኑን አሰፋፍ በጣቷ ዳበስ ዳበስ ስታደርግ ጽሑፉ ላይ ደረሰች። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ስሟ ከነአባቷ በወርቅ ቀለም ተጽፏል።

«ውይ በሞትኩት!» አለች፤ ከዚያ ምን እንዳለች ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁካታ ልግለጸው ብል አልችልም። ኃላፊው በእግዚአብሔር ስም አማተቡ። ተቆጣጣሪው ሜትሩን ጣለ። ሥራ አስኪያጁ «ማን ነው ሞተች ያለው?» ብሎ ሲጮህ፣ ኃላፊው ከኪሳቸው ደብዳቤ አውጥተው «እርስዎ ነዎት እንጂ!» አሉና ፊርማውን አሳዩት። ተተርጉሞ ሲነበብ እንዲህ ይላል፤ «ይህን የምንጽፈው ስለ ሟቿ ጠራዣችን ነው። ሦስት ጊዜ አስጠንቅቀናት ነበር። አልሰማችም። ውሳኔያችሁን እንጠብቃለን።» ከማሽን ጋር የተያያዘ አደጋ እንጂ ሌላ ምን ይመስላል?

ነገሩ ያቺው ቃል ናት። ሌት የሚባለው ቃል ከድርጊት በኋላ ሲመጣ አረፈደ ማለት ነው፤ ሰውየው ፊት ከተቀመጠ ግን ሰውየው ሟች ነው። ጋሽ አገባብ ቃሉን ከእሷ ፊት አስቀምጠውት ኖሯል።

ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን። ጣታቸው ወደ ጣሪያው እስኪነሳ ጠበቅን። የአንድ ሰዓት ትምህርት እንደሚመጣብን እርግጠኛ ስለነበርን አንዳንዱ ወንበር ፈልጎ ተቀምጧል። ጋሽ አገባብ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስህተቴ ነው» አሉ። «ቃሉን ያለቦታው አስገባሁት።»

ከዚያ የማሽን ክፍል ሰዎች ሳቅ አዳራሹን አናጋው።

የቢሮ ሥራ ደግሞ የራሱ ተአምር አለው። የእትዬ ፋይል በሞት ምክንያት ተዘግቷል። የተዘጋ ፋይል ደግሞ አይከፈትም፤ ሟች ወደ ሥራ የሚመለስበት ቅጽ ማንም አላዘጋጀም። ኃላፊው ቅድም ታታሪነቷን በእንባ መስክረው ሲያበቁ አሁን ዞረው ሊያባርሯት አፈሩ። «ለእኚህ ሴትዮ አዲስ ፋይል ይከፈት» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ማስጠንቀቂያዎቹን ቢያነሳ፣ «ማስጠንቀቂያ የተሰጣት ሟቿ ናት። ከእሷ ጋር ተቀብሯል» ብለው ዘጉት። አዲሱን ቅጽ ሲሞሉላትም ለምን እንደምታረፍድ ጠየቋት። የእናቷን ነገር ነገረቻቸው። የመግቢያ ሰዓት በሚለው ቦታ ላይ ከሌሎቻችን ግማሽ ሰዓት ዘግይታ እንድትገባ፣ ያንኑ ያህል ዘግይታም እንድትወጣ ጻፉላት። ካልተሟገታችሁኝ በስተቀር በዓለም ላይ በራሷ ለቅሶ ቆማ የሥራ ሰዓት ያስተካከለች ሴት እሷ ብቻ ናት።

ጋሽ አገባብ ግን ዋጋውን ከፈሉ። ሥራ አስኪያጁ እንግሊዝኛውን ከእጃቸው ነጥቆ በቅርቡ ከኮሌጅ ለወጣ ልጅ ሰጠው። ስማቸውም ተቀየረ፤ ጋሽ ሌት ተባሉ። ማለዳ ሲገቡ «ጋሼ፣ ዛሬስ ሁላችንም በሕይወት አለን?» ይሏቸዋል። ቃል ሲያመልጠን ካጠገባችን ብቅ ማለታቸውም ቀረ። ቻርጅ ብንል፣ ፋይን ብንል፣ ዝም። ለካ ያ ሁሉ ስንሸሸው የኖርነው ትምህርት ሲጠፋ ቤቱ ይቀዘቅዛል። እኔ አንድ ቀን ሆን ብዬ አጠገባቸው «ኢንጌጅድ» አልኩ። ቀና እንኳን አላሉም። አንጀቴን በሉት።

ወር ያህል እንዳለፈ፣ እሳቸው ለምሳ ወጥተው ሳለ ቀይ እስክሪብቶ ፈልጌ መሳቢያቸውን ከፈትኩ። እስክሪብቶውን አገኘሁት፤ ከሥሩ ግን አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበር። የሰው ወረቀት ማንበብ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። አነበብኩት። የዚያች ደብዳቤ ረቂቅ ነው። ከላይ፣ በዚያ እንደ ኅትመት በጠራ የእጅ ጽሑፋቸው፣ «ሺ ኬም ሌት» ይላል፣ አርፍዳ መጣች ማለት ነው፤ ቃሉ ከድርጊት በኋላ፣ ልክ ቦታው ላይ ነው። በላዩ ላይ በማስመሪያ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ተሰርዟል። ከሥሩ ቃሉ እዚህም እዚያም ተሞክሯል፤ መጨረሻ ላይ «ጠራዣችን» ከሚለው ፊት ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ኅዳጉ ላይ በአማርኛ አንዲት መስመር አለች። «ሰውየው አያነበውም» ትላለች።

ቀና ስል ጋሽ አገባብ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ጋሼ... አውቀው ነው?»

መጥተው ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። አጠፉት፣ እንደገና አጠፉት። «ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉት ግራ ይገባቸዋል፣ ምን ማለታችሁ ነው ብለው ይጽፋሉ፣ እስከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ይገኛል ብዬ ነበር» አሉ። «አበባ ይልካሉ ብዬ መች አሰብኩ!» እና ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ታዲያ ለምን አይናገሩም? እንዲህ ሲያላግጡብዎ!»

«እንዳትሞክሪያት!» አሉ፣ ሳቃቸው ቆሞ። «ሆን ተብሎ ከተባለ ፋይሉ ይመረመራል። ስህተት ከሆነ ስህተት ነው፣ ይቀራል።» ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ሠላሳ ዓመት ልክ ሆኜ፣ አንድ ሰው እንኳን ማታ ቤቱ ሲገባ በእኔ ልክነት ደስ ብሎት አያውቅም። ተይኝ እስቲ፣ በስህተቴ ልኑርበት።»

ያን ሁሉ ዓመት ሰውየውን ስሸሻቸው፣ ሲመጡ ስልክ የያዝኩ ስመስል፣ ከኋላቸው ጣቴን ወደ ጣሪያ ቀስሬ ስቀልድባቸው የኖርኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ። ወደድኳቸውም፤ ይህንንም ልናገረው።

በማግስቱ ጠዋት የመቁረጫው ማሽን ባለሙያ ከሩቅ ጮኸ፤ «ጋሽ ሌት! ዛሬስ ማንን ገደሉ?» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፤ ጠረጴዛዬን እየደበደብኩ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ጋሽ አገባብ ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው አዩኝና፣ አንድም እርማት ያላገኙበት ገጽ ሲመልሱልኝ እንደሚያደርጉት፣ ራሳቸውን አንዴ ነቀነቁልኝ።